የማይታጠበው ወርቅ

ባለፈው ቅዳሜ የሻይ ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞ አስቸገረኝና ሎሚ ጨምቄ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሼ ጣድኩት። ፈልቶ ሽታው ወጥ ቤቱን ሲሞላው ምድጃውን አጠፋሁና ቁጭ አልኩ። ለሌላ ሰው የንጽሕና ሽታ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚወስደኝ አጎቴ ጀማል ወዳገባበት ክረምት ነው። ክረምት ስል የሲያትልን በጋ ማለቴ ነው፤ እናቴ ሐምሌን ክረምት ከማለት አልተላቀቀችም ነበር፣ እኔም ከሷ ወረስኩት።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ከቼሪ መንገድ ገባ ብላ ባለች ቤት ውስጥ እናቴ ዘሃራ፣ ታክሲ የሚነዳው አባቴና እኔ እንኖራለን። ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጀማል ይኖራል። አጎቴ አርባ ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ሚስት የለውም፣ መኪና የለውም፣ ደህና ጫማ እንኳ የለውም። መሃል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ያጥባል። በዚህች ምድር ላይ አለኝ የሚለው ነገር አራት የወርቅ ሳንቲም ብቻ ነበር።

እሁድ እሁድ ከቀትር ሶላት በኋላ ክፍሉ እንድገባ ይፈቀድልኛል። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያነጥፋል፣ እጁን ታጥቦ በደንብ ያደርቃል፣ እኔንም እንደዚያው ያስደርገኛል። ከዚያ ሳንቲሞቹን ከካርቶን ማቀፊያቸው አንድ በአንድ ያወጣና አጉሊ መነጽሩን ይሰጠኛል። በአሜሪካ ደቡብ ዳሎኔጋ የምትባል ትንሽ ከተማ እንደነበረች፣ ከተራራዋ ወርቅ ሲወጣ መንግሥት ሳንቲም የሚመታበት ቤት እዚያው እንደከፈተ፣ የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲነሳ ቤቱ ተዘግቶ እንደቀረ ነግሮኛል። ከዚያ የወጡ አብዛኞቹ ሳንቲሞች ቀልጠው ጠፍተዋል። የቀሩት ጀርባቸው ላይ ካለው ንስር ሥር ባለች አንዲት ዲ ፊደል ይታወቃሉ። እኔ ያቺን ዲ ለማግኘት ትንፋሼን ይዤ እፈልጋለሁ፤ አጎቴ ደግሞ የት እንዳለች እያወቀ አይነግረኝም።

ከአራቱ አንዱ ከሁሉም የሚበልጥ ነበር። አምስት ዶላር የሚል፣ መልኩ የከረመ ማር የመሰለ፣ በፊደሎቹ መሃል ጥቁረት የያዘ። ለምን አታጥበውም ብዬ ጠየቅኩት።

«ቆሻሻ እኮ አይደለም፤ ቆዳው ነው። መቶ ምናምን ዓመት የለበሰው ነው። ከታጠበ ሞተ ማለት ነው።»

ቀኑን ሙሉ ሲያጥብ የሚውል ሰው አለመታጠብን ሲያወድስ ሰምቼ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ሳንቲም የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ነው፣ ፊቱ አይነካም፣ ከላዩ አይተነፈስበትም። በዚህ ጉዳይ ላይ አጎቴ ቀልድ አያውቅም ነበር።

እኔ ደግሞ የራሴ ምሥጢር ነበረኝ። ሳንቲሙ ላይ ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች ሴት አለች፤ አጎቴ የፀጉሯን ዘለላ በስንጥር እያመለከተ ያሳየኛል። ግንባሯ ላይ ሊበርቲ፣ ነጻነት፣ ተብሎ ተጽፏል። እኔ ስሟ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ድሮ የሚወዳት፣ አንድ ነገር የደረሰባት ሴት ናት ብዬ ደምድሜ፣ ሚስት ያላገባውም በሷ ምክንያት ነው እያልኩ አዝንለት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ጎረቤት ከተማ ቤልቪው ድረስ ይዞኝ ሄደ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሁሉም ሽማግሌ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ዝምተኛ። አጎቴ እናቴ በእጇ ያሳጠረችለትን፣ ለሰው ሰርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ አንዱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመና ያንን የማር መልክ ያለውን ሳንቲም አወጣ። ሰውየው በመነጽሩ አየው፣ ጎረቤቱን ጠራ። ጎረቤቱ ሌላውን ጠራ። ጥቂት ቆይቶ የአጎቴን ሳንቲም ለማየት ተራ ይጠበቅ ጀመር። እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ሲራመድ አይቼው አላውቅም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከረሜላ ገዛልኝ የምል ከሆነ እዋሻለሁ፤ ረስቶት ነበር። መንገዱን ሙሉ ለብቻው ፈገግ እንዳለ ቤት ደረስን።

ረመዳን በሰኔ ዋለ። ሲያትል በሰኔ ፀሐይዋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትጠልቅም፤ አጎቴ በላውንድሪው እንፋሎት ውስጥ ጾሞ ውሎ ሲገባ ከንፈሩ የደረቀ መሬት ይመስላል። በዚያው ወር እናቴ ሚስት አገኘችለት። ራህመት ትባላለች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት። ተያዩ፣ ተዋደዱ። አጎቴ ስልክ ላይ መጣድ ጀመረ። «ነገ ኮል አደርግልሻለሁ» ይላታል፣ ከዚያ የዚያኑ ዕለት መልሶ ይደውላል።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ሐጂ ሰይድ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። አባቴና ሌሎች ሽማግሌዎች ለመጠየቅ ሲሄዱ በአክብሮት ተቀበሏቸውና አንድ ነገር ብቻ አነሱ። አርባ ዓመት የሆነው፣ ሥራ ያለው፣ የማይጠጣ የማያጨስ ሰው በእህቱ ጓሮ የሚኖረው ገንዘቡን የት እያደረሰው ነው? ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያኔ ሐጂ ሰይድ ያሉትን አባቴ ቤት ሲመጣ ቃል በቃል ነገረን።

«ልጄን ለድሃ ለመስጠት አልፈራም። ለስስታም ግን አልሰጥም።»

በጥሎሹ ላይ ሰው የሚያየው ወርቅ እንዲኖር ጠየቁ። ብዛቱ አይደለም ዋናው አሉ፤ ሲሰጥ ፊቱን ለማየት ነው።

እናቴን በበኩሏ መፍትሔው አላስቸገራትም። ሳንቲሞቹን ሽጥና ሐብልና አምባር ግዛ አለችው። አጎቴ ስንት ቀን ከኛ ጋር ሳይቀመጥ ከረመ፤ ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በሩን ይዘጋል። በኋላ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ገብቶ የማር መልክ ያለውን ሳንቲም ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለራህመት ይሄን ስጡልኝ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ ብቻ ማንም እንዳይነካው አለ። እናቴ ኦኬ ኦኬ አለችው። ከወጣ በኋላ ወደኔ ዞር ብላ ተንኮሉን አየሽ አለችኝ፤ ሚስቱ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ያው እሱ ቤት ነው ያለው፣ እሁድ እሁድ እያወጣ ሊያየው ነው። እያማችው ነበር፣ ግን በዓይኗ ላይ ፍቅር ነበር። እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

እኔ በበኩሌ ጭንቅ ይዞኝ ነበር። ያቺ ሊበርቲ የምትባለው ሴት ያለችበትን ነገር ለሙሽራዋ መስጠት ነውር መሰለኝ። ራህመት ብታውቅ ምን ትላለች እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ሰርጉ ሲቃረብ እናቴ ሳንቲሙን ከካርቶኑ አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠችውና ፊቷን አጨማደደች። ጥሎሽ ማለት ሻንጣው በሰው ፊት ተከፍቶ ዕቃው አንድ በአንድ ከፍ ተደርጎ የሚታይበት ነው። የሙሽራዋ አክስቶች ይዳስሳሉ፣ ይመዝናሉ፣ ዓይናቸው የማይገባበት የለም። እንዲህ የጠቆረ ነገር ቢወጣ ነሐስ ነው ይሉናል አለች። ደግሞስ ማንጠልጠያ የሌለው ወርቅ ምን ይደረጋል? ሴት ልጅ ወርቅ ኪሷ ውስጥ ይዛ አትዞርም። ሳንቲሙን በመሐረብ ቋጠረች፣ እጄን ያዘች፣ ወደ ጃክሰን መንገድ፣ አባ እንድሪስ ዘንድ ወረድን።

አባ እንድሪስ ደሴ ላይ የታወቁ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። አሁን በልጃቸው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ጉጠታቸውን፣ ሞረዳቸውንና አንዲት ትንሽ የጋዝ መለኮሻ ይዘው ይቀመጣሉ። ሥራ ሲመጣላቸው ፊታቸው ይበራል፤ ሥራ ደግሞ ብዙ አይመጣላቸውም። ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አድርገው ክብደቱን ገመቱና ወርቁ ብር በዝቶበታል ግን ደህና ወርቅ ነው አሉ። ከዚያ ማሰሮ ጣዱ፣ ሎሚ ቆረጡ፣ ሶዳውን ከቆርቆሮው በማንኪያ ዛቁ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ዶንት ዎሽ ኢት፣ ማሚ። ጋሼ ጀማል፣ ሳንቲሙ ከታጠበ ይሞታል ብሏል።»

«ወርቅ ይሞታል እንዴ?» አለች እናቴ።

አባ እንድሪስ ግን ልጅ ናት ብለው አልናቁኝም። ማን ነው እንዲህ ያለሽ አሉኝ፤ አጎቴ አልኳቸው። አጎትሽ ሥራው ምንድን ነው አሉ፤ ልብስ ማጠብ አልኳቸው። ሁለቱም እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። አጣቢው መታጠብ ከፈራ እኛ እናጥብለታለን አሉ አባ እንድሪስ፣ ሳንቲሙንም ጨመሩት።

ሎሚውና ሶዳው አረፋ አወጣ። ሽታው ያን ጊዜ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው። ሽማግሌው መንዙማ እያንጎራጎሩ በጥርስ ብሩሽ ፈተጉት፣ እንደገና ቀቀሉት፣ በጨርቅ ወለወሉት። በመጨረሻ ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ጆሮ በየዱለትና ዙሪያውን በሞረድ አስተካከሉት። ሲያነሱት እውነቴን ነው የምለው፣ ዓይን ይወጋ ነበር። ቀረብ ብዬ ሴትዮዋን አየኋት። አጎቴ ዘለላ በዘለላ ያሳየኝ ፀጉሯ ተፍቆ አንድ ላይ ተዋህዷል። እናቴ ስለ ድካማቸው ልትሰጣቸው ቦርሳዋን ስትከፍት እጇን መለሱት።

«ተይው ልጄ። ይሄ የኔ የሰርግ ስጦታ ነው። እጄ ሥራ ከፈታ ስንት ጊዜው።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ወደ ቤት ስንመለስ እያዜመች ነበር። አሁን ሳስበው በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ክፉ የሠራ አንድም ሰው አልነበረም፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይሄ ነው። ለአጎቴ ጮክ ብዬ ልነግረው ፈልጌ ነበር። ግን የጥሎሽ ሻንጣ የሴቶች ነው፣ ሙሽራው ከቀኑ በፊት አያየውም፣ እናቴም ድንገተኛ ደስታ እንዲሆንለት ነው ብላ አፌን አስያዘችኝ። አጎቴ ይደሰት ይሆናል ብዬም ትንሽ ተስፋ አድርጌ ነበር።

የጥሎሹ ቀን የሐጂ ሰይድ ሳሎን ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። አጎቴ ከሚዜዎቹ መሃል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከኛ ወገን አንድ ሽማግሌ ሻንጣውን ከፈቱ። ቀሚሱ ወጣ፣ እልል ተባለ። ነጠላው ወጣ፣ ጫማው ወጣ፣ ሽቶው ወጣ። ከዚያ ሽማግሌው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ፈቱና በቀጭን ሐብል የተንጠለጠለውን ወርቅ ከፍ አደረጉት። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። አክስቶቹ ተነስተው ተሻሙበት። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ ያን ቀን አልቃሹ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም አላለቀሰም። ክው ብሎ ቀረ። የፊቱ ደም የት እንደሄደ እንጃ። ዓይኑን ከወርቁ ላይ መንቀል አቃተው፣ አፉ ትንሽ ተከፈተ።

ሐጂ ሰይድም ፊቱን ለማየት ነበር የተቀመጡት። አዩት። እጃቸውን ሲያነሱ እልልታው ቀስ በቀስ ቆመ። ራህመት በበሩ ቀዳዳ እያየች እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

«ምነው ጀማል? ወርቁ ከበደህ?»

ሰው ሁሉ ወደ አጎቴ ዞረ። እናቴ እየሳቀች ነው፤ ምንም አልገባትም። አባ እንድሪስ ጥግ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ምስጋና ይጠብቃሉ። አጎቴ ሁለቱንም አየ። እኔንም አየኝ፣ ከዓይኔም እንባ መውረዱን ያየ ይመስለኛል። ከዚያ ተነሳ፣ ሻንጣውን ወደከፈቱት ሽማግሌ ሄደ፣ ወርቁን በሙሉ መዳፉ ጨበጠው።

«አልከበደኝም ሐጂ። እንዲህ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ ነው። እህቴና አባ እንድሪስ የለፉበት ነው፣ አላህ ይስጥልኝ።»

ከተናገረው ውስጥ አንዲት ውሸት አልነበረችበትም። ሄዶ ለራህመት አክስት ሰጣት፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሐጂ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማመናቸው ይሁን ማለፋቸው አልታወቀኝም። ከሰዓት ኒካሁ ታሰረ። አጎቴ ምግቡን ሳይነካው ዋለ።

ከሰርጉ በኋላ እኛ ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተው ገቡ። ቅርብ ስለሆኑ ያለምክንያት እየሄድኩ እቀመጣለሁ። አጎቴ ሆድ ይፍጀው ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። ለሚስቱ ጥሩ ነው፣ ትሑት ነው፣ ግን ዓይኑ አንገቷ ላይ ሲያርፍ ቶሎ ይመልሰዋል። እሷም ያንን አይታለች። አንድ ቀን እሱ ሥራ ላይ እያለ ልብስ እያጣጠፍን ድንገት ጠየቀችኝ።

«ሰሚራ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አጎትሽ ለወርቁ ሳስቶ ነው አይደል? ያን ቀን ፊቱን አይቻለሁ።»

ድምጿ ተሰብሮ ነበር። ሴትየዋ ስስታም አግብቻለሁ ብላ ስታምን መክረሟ ያኔ ገባኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን እየተንተባተብኩ። ቆዳውን፣ ዳሎኔጋን፣ ቤልቪው ላይ ሰው ተራ ይዞ እንዳየው፣ የሎሚውን ማሰሮ። ሊበርቲ የምትባለውን ሴትም ጨመርኩ። እዚያ ላይ ስደርስ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

«ሶ፣ አሁን ዋጋ የለውም ማለት ነው?»

ወርቅነቱ አለ፣ ለሳንቲም ሰዎች ግን አልቆለታል አልኳት። ልብሱን ጨርሳ አጣጠፈች።

አጎቴ ሲገባ የቀሩትን ሦስቱን አሳየኝ አለችው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ማን ነገረሽ ብሎ አልጠየቀም፣ ማን እንደሆነ ያውቃል። መኝታ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ሳሎን ተቀምጬ ዝምታውን ሳዳምጥ ተጣሉ ብዬ ፈራሁ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ብለጥፍም ምንም የለም። ብዙ ቆይታ ራህመት ስትወጣ በቀኝ ዓይኗ ዙሪያ የአጉሊ መነጽሩ ክብ ምልክት ታትሞባታል። ዲዋን በሁለቱ ላይ አገኘኋት፣ በሦስተኛው ላይ ግን አላሳየኝም አለችኝ።

አረፋ የዋለው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። ምሳው እኛ ቤት ነበር፤ ሐጂ ሰይድም ከነቤተሰባቸው መጡ፣ አባ እንድሪስም መጡ። ራህመት ወርቋን አድርጋለች። እንግዶቹ አደነቁት፣ እናቴም ይሄንን ስትጠብቅ ኖራ እኔ ባላሳጥበው ኖሮ ጠቁሮ ይቀር ነበር ብላ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረች። አጎቴ ትሪው ላይ አቀርቅሮ ያዳምጣል። እናቴ ስትጨርስ ወደሱ ዞረች።

«የቀሩትንስ ምን ታስቀምጣቸዋለህ? አባ እንድሪስ እዚሁ ናቸው። ነገ ይዘሃቸው ና፣ እነሱንም እንደዚህ ያድርጉልህ።»

አባ እንድሪስ ፊታቸው በራ፤ ምን ገዶኝ አሉ። አጎቴ የጠቀለለውን እንጀራ በእጁ እንደያዘ ቀረ። እምቢ ቢል ምክንያቱን ሊናገር ነው፣ ምክንያቱን ቢናገር ደግሞ እህቱንና ሽማግሌውን በአረፋ ቀን፣ በሰው ፊት ሊያዋርድ ነው። እሺ የሚል መሰለኝ። እሺ ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት።

«እትዬ ዘሃራ» አለች ራህመት። አንገቷን አላቀናችም፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። «እነዚያ ግን እንዲያው ይሁኑልኝ። እኔ ጥቁረታቸውን ወድጄዋለሁ።»

እናቴ የሙሽራ አመል ነው ብላ ሳቀችና ወደ ወጥ ቤት ሄደች። አባ እንድሪስም እንደወደድሽ ልጄ አሉ። ከዚያ ያ ሰው ፊት ሚስቱን ቀና ብሎ ለማየት እንኳ የሚያፍረው አጎቴ፣ በእጁ የያዘውን ጉርሻ አሳምሮ ጠቀለለና በአባቷ ፊት አጎረሳት። ሐጂ ሰይድ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ፈገግታቸውን ግን ከኔ መደበቅ አልቻሉም።